ሳይሞከር የሚታተም መመሪያ፦ ስለ መጀመሪያ ዓመት የባዮሎጂ ቤተ ሙከራ ማንዋል ግልጽ ደብዳቤ

ለትምህርት ሚኒስቴር፣
በሰሜን ሸዋና በሌሎች የደጋ ከተሞች ለሚገኙ የከፍተኛ ትምህርት ተቋማት የባዮሎጂ ትምህርት ክፍሎች፣
ለመማሪያ ጽሑፍ አዘጋጆችና ገምጋሚዎች በሙሉ፣

ክቡራን፣

ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ከደብረ ብርሃን ነው። መምህር አይደለሁም። ከሃያ ዓመት በላይ በባዮሎጂ ቤተ ሙከራ ውስጥ ስላይድ ያጠብሁ፣ ኬሚካል የበጠበጥሁ፣ የማይክሮስኮፕ አምፖል የቀየርሁ፣ ተማሪ ከመግባቱ በፊት በር ከፍቼ ተማሪ ከወጣ በኋላ የምዘጋ የቤተ ሙከራ ረዳት ነኝ። ያገለገልሁት ከአንድ በሚበልጥ ተቋም፣ በሰሜን ሸዋም ከሰሜን ሸዋ ውጪም ስለሆነ፣ ከዚህ በታች የማነሣው ጉድለት የየትኛው እንደሆነ አልናገርም፤ የአንድ ቤት ጉድለት አይደለምና ስም መጥራቱ ለማንም አይጠቅምም። ልመናዬ አንድ ነው፤ ለመጀመሪያ ዓመት ተማሪ የሚሰጠው የባዮሎጂ ቤተ ሙከራ መመሪያ፣ ተማሪዎች ማንዋል የሚሉት ማለቴ ነው፣ ሙከራው በሚሠራበት ከተማ፣ በዚያው ዕቃና በዚያው ኬሚካል አንድ ጊዜ እንኳ በሰው እጅ ሳይሞከር መታተሙ ይቅር።

ብዕር እንዳነሣ ያደረገችኝ አንዲት የአየር አረፋ ናት። የሽንኩርት ልጣጭ ሕዋስን በማይክሮስኮፕ አይቶ መሣል ከመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሥራዎች አንዱ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ተማሪ ባቀረበው ሥዕል ላይ፣ በሁለት ሕዋሳት ድንበር ላይ የተደረበች፣ ጥቁርና ወፍራም ጠርዝ ያላት ክብ ነገር አየሁ፤ ቀስት ተሰድዶባት «ኑክሊየስ»፣ ማለትም የሕዋሱ እምብርት፣ ተብላለች። ከቨር ስሊፕ የሚባለውን ስስ የመስታወት መሸፈኛ በአንድ ጎኑ ውሃውን አስነክቶ በዝግታ ማስተኛት ሲገባ ከላይ ከተጣለ እንዲህ ያለ አረፋ እንደሚገባ ማይክሮስኮፕ የነካ ሁሉ ያውቃል። ለተማሪው አሳየሁት፣ አመስግኖኝ ሄደ። በዓመቱ ያችው አረፋ በሌላ ተማሪ ሪፖርት ላይ፣ በዚያው ቦታ፣ በዚያው ቀስት ተመልሳ መጣች። በሦስተኛው ዓመት ስትመጣ እንደ ዘመድ ለምጃት ነበር። ተማሪዎች የሲኒየሮቻቸውን ሪፖርት እየገለበጡ እንደሚያስረክቡ እናንተም ታውቃላችሁ፤ እኔን ያሳሰበኝ ግን ከመመሪያው ጋር ሳስተያየው ነው። መመሪያው ራሱ ከሌላ አገር መመሪያ፣ ያም ከሌላ የተገለበጠ ሆኖ ሳለ፣ ሕዋሱ ምን እንደሚመስል፣ ቱቦው ምን ዓይነት ቀለም እንደሚይዝ፣ መደምደሚያው ምን እንደሆነ አስቀድሞ ነግሮ ሲያበቃ፣ ከሥር «ያየኸውን ጻፍ» ይላል። ልጁ ለምን ብሎ ይየው?

መመሪያው ከየት እንደመጣ ለማወቅ የሽፋኑን ገጽ ማየት አያስፈልግም፤ ውሃ ማፍላት ይበቃል። ለስኳር ምርመራ የቤኔዲክት ፈሳሽ የተጨመረበትን ቱቦ «በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚፈላ ውሃ ውስጥ» አቆይ ይላል። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ የአየሩ ግፊት ስለሚቀንስ ውሃ የሚፈላው 91 ዲግሪ አካባቢ ነው። በቤቴ ምድጃ ላይ በቴርሞሜትር ለክቼዋለሁ፤ እሳቱ ቢጨመር ውሃው ይተናል እንጂ ሙቀቱ ከዚያ አያልፍም። ከጣርማ በር ወርዶ ሸዋ ሮቢት የደረሰ ሰው ያንኑ ውሃ ቢያፈላ 96 አካባቢ ያገኛል። የባቄላ ንፍሮ በደጋ ለምን እንጨት እንደሚፈጅ እናቶቻችን በምድጃቸው ያውቁታል፤ ማንዋሉ ግን አያውቅም። እውነቱን ለመናገር ቤኔዲክት በ91 ዲግሪም ቀለሙን ይለውጣል፤ ምናልባት ጥቂት ደቂቃ ቢታከልለት ነው። ጉዳቱ ሌላ ቦታ ላይ ነው። ተማሪው ቴርሞሜትሩን አይቶ 91 ያነብባል፣ መመሪያውን አይቶ 100 ያነብባል፣ ከዚያም በሪፖርቱ ላይ 100 ብሎ ይጽፋል። ስንት ተማሪ እንዲህ እንዳደረገ አልቆጠርሁም፤ 91 ብሎ የጻፈና ለምን ብሎ የጠየቀ ግን በሥራ ዘመኔ አንዲት ልጅ ብቻ ትዝ ትለኛለች። ያቺ ልጅ በዚያን ቀን ከክፍሉ ሁሉ የበለጠ ሳይንስ ሠርታ ሳለ ቁጥሯ «ስህተት» ተብሎ በቀይ ተሰመረበት።

ከዚህ የሚብሰው አውቶክሌቩ፣ በግፊት በታመቀ እንፋሎት ጀርም የሚገድለው ዕቃ፣ ነው። ለባክቴሪያ ማሳደጊያ የሚሆነውን ምግብ ከጀርም ለማጽዳት በ121 ዲግሪ ለ15 ደቂቃ ማቆየት የታወቀ ደንብ ነው፤ መመሪያዎቹም ይህን በግፊት ተርጉመው «በ15 ፓውንድ በስኩዌር ኢንች» ይላሉ። ነገር ግን የግፊት መለኪያው የሚያሳየው ከውጪው አየር በላይ ያለውን ግፊት ብቻ ነው። በባሕር ወለል 15 ሲል ውስጡ 121 ዲግሪ ይሆናል፤ በደብረ ብርሃን ከፍታ 15 ሲል ግን ውስጡ 116 አካባቢ ነው። 121 ለመድረስ መለኪያው ከ19 በላይ ማንበብ አለበት፤ ዕቃው ያን ያህል ግፊት እንዲችል ካልተሠራም ጊዜውን ማራዘም እንጂ ግፊቱን መጨመር አይገባም። ይህን ያልነገርነው ተማሪ፣ ምንም ሳይዘራበት ሻጋታና ባክቴሪያ ያበቀለ ሳህን ሲያይ «በጥንቃቄ አልሠራሁም» ብሎ ራሱን ይወቅሳል። እኔም ብዙ ዓመት ራሴን ወቅሻለሁ።

«በክፍሉ ሙቀት» የሚለውም ሐረግ እንዲሁ ነው። የምራቅ ኢንዛይም ስታርችን ሲፈጭ በየደቂቃው፣ ስታርች ሲነካ ጥቁር ሰማያዊ በሚሆነው አዮዲን እየፈተኑ መከታተል ከሚወደዱት ሙከራዎች አንዱ ነው፤ ግን የመጽሐፉ ክፍል ከ20 እስከ 25 ዲግሪ የሚሞቅ ክፍል ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱን ውርጭ ሲመታ ባደረ ከተማ፣ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ክፍሉ ከዚያ በብዙ የቀዘቀዘ ነው። የኢንዛይም ሥራ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ሲቀንስ በግምት በእጥፍ ይዘገያል። ስለዚህ «በአምስት ደቂቃ ጥቁር ሰማያዊው ቀለም ይጠፋል» የተባለው ተማሪ በአምስተኛው ደቂቃ ጥቁር ሰማያዊ ቀለም እያየ፣ ሙከራው ከሽፏል ብሎ ቱቦውን ያጥባል። ሳይደፋ ቢቆይ ኖሮ የሚያየው ነገር ከመጽሐፉ የበለጠ ያስተምረው ነበር።

አሁን ወደ ዋናው ቅሬታዬ ልምጣ፤ እሱም ናሙናው ነው። ቀደም ሲል በእጄ በገቡት መመሪያዎች ላይ ለፎቶሲንተሲስ የሚታዘዘው ተክል ኤሎዲያ፣ ለመቅደድ የሚታዘዘው እንቁራሪት ራና ፒፒየንስ ነው። ሁለቱም የአሜሪካ ምድር ፍጥረቶች ናቸው። በእኛ ደጋ ረግረግ የምትገኘው እንቁራሪት በአብዛኛው ፕቲካዴና ከሚባለው ወገን ናት፤ ተማሪ ሥዕሉን ከፊቱ ካለችው ጋር ሲያስተያይ የማይገጥም ነገር በበዛበት ቁጥር የሚጥለው የፊቱን ነው፤ ሥዕሉን የሚጠራጠር የለም። በሌላ በኩል፣ ከግቢው አጥር ውጪ ያለው ባቄላ በመመሪያው ውስጥ አንድ ቦታ እንኳ አልተጠራም።

ስለ ባቄላ ረዘም አድርጌ ብናገር ይፈቀድልኝ። የሰሜን ሸዋ ገበሬ በሰኔና በሐምሌ የሚዘራው፣ በሽሮና በንፍሮ የምናውቀው ባቄላ በዓለም ላይ የክሮሞዞም ጥናት ከተመሠረተባቸው ተክሎች አንዱ ነው። ክሮሞዞሞቹ 12 ብቻ ናቸው፤ ትላልቅም ስለሆኑ በተራ የተማሪ ማይክሮስኮፕ ጥርት ብለው ይታያሉ። ሽንኩርት 16፣ ገብስ 14 አላቸው፤ ለጀማሪ ዓይን ግን ባቄላን የሚያህል የለም። እ.ኤ.አ. በ1957 ኸርበርት ቴይለርና ሁለት ባልደረቦቹ ክሮሞዞም ሲባዛ አሮጌው ክር በሁለቱ ልጆች መካከል እንዴት እንደሚከፋፈል ያሳዩት በባቄላ ሥር ጫፍ ላይ ነው፤ ራዲዮአክቲቭ በሆነ ታይሚዲን፣ የዲ ኤን ኤ መሥሪያ በሆነ ንጥረ ነገር፣ ሥሩን አጠጥተው ክሮሞዞሙ የተወውን ምልክት በፎቶግራፍ ፊልም ላይ ተከታተሉት። ፍሬው አንድ ሌሊት ተነክሮ በእርጥብ ጨርቅ ከተጠቀለለ በጥቂት ቀናት፣ በብርድ ወራት ደግሞ ትንሽ ዘግይቶ፣ ሥር ያወጣል። ወጪው ከገበያ የተገዛ አንድ ጣሳ ባቄላ ነው። በዚህ ፈንታ እኛ ከውጪ የመጣ፣ ተቀብቶ የደረቀ የማይቶሲስ (የሕዋስ መከፈል) ስላይድ በሳጥን አስቀምጠን፣ ለአርባ ተማሪ በተራ እናሳያለን፤ ከአርባው አሥሩ የሚያዩት የሰበሩትን ነው።

ይኸው ባቄላ ብዙ ገጽ ይሞላል። የቅጠሉ የታችኛው ቆዳ በቀላሉ ስለሚላጥ ስቶማታን፣ ቅጠሉ የሚተነፍስባቸውን ቀዳዳዎች፣ ለማየት ከእሱ የሚመች ጥቂት ነው። በነሐሴና በመስከረም ከነሥሩ ቢነቀል በሥሩ ላይ ትናንሽ እባጮች አሉት፤ አንዱን በምላጭ ሰንጥቆ ውስጡ ሮዝ መሆኑን ያየ ተማሪ ናይትሮጅን ከአየር የሚይዙትን ባክቴሪያዎችና ሌግሄሞግሎቢን የሚባለውን፣ ከደማችን ቀለም ጋር የሚዛመደውን ፕሮቲን፣ በቃል ከሸመደደው በላይ ያስታውሳቸዋል። ቅጠሉን እያሳበጠ የሚያኮማትረው፣ ገበሬው ቆርምድ የሚለው በሽታም በአካባቢያችን ማሳ የታወቀ መከራ ነው፤ አባቱ ባቄላ የተበላሸበት ልጅ ያንን ቅጠል በማይክሮስኮፕ ሥር ሲያደርግ የሚጠይቀው ጥያቄ ከመመሪያው ጥያቄ ይበልጣል። የገብሱን ብቅል ደግሞ አትርሱት። ስታርች የሚፈጨው ኢንዛይም በብቅል ውስጥ ሞልቷል፤ ምራቅ መስጠት የሚያፍር ተማሪ (ብዙ ነው) በእሱ ሊሠራ ይችላል። የጠላ ጥንስስ ጠብታ ስላይድ ላይ ቢደረግ እርሾ ሲያቆጠቁጥ ይታያል፣ የእርጎ ጠብታ የላክቲክ አሲድ ባክቴሪያ ያሳያል፣ የድንች ፍቅፋቂ በአዮዲን የስታርች ቅንጣትን ቁልጭ አድርጎ ያወጣል። እነዚህን ሁሉ ሞክሬያቸዋለሁ። ለኤሎዲያ ምትክ የሚሆን የውሃ ተክል ግን በየወንዙ ፈልጌ ሁልጊዜ አልተሳካልኝም፤ አንዳንዱ አረፋ ይሰጣል፣ አንዳንዱ አይሰጥም፤ ይህንንም መመሪያው ሳይሸሽግ ቢጽፈው ደስ ይለኛል።

ስለ ቋንቋው ደግሞ የምለው ከተለመደው ይለይ ይሆናል። ተማሪው እንግሊዝኛው ከበደው ሲባል ሁሉም የሚያስበው ማይቶሲስና ኦስሞሲስን ነው። እነዚያን ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ ይዟቸው መጥቷል። የሚያቆሙት የእጅ ሥራ ግሦቹ ናቸው፤ ስወርል (እያዞሩ መበጥበጥ)፣ ዲካንት (ዝቃጩን ትቶ ከላይ ያለውን ፈሳሽ መቅዳት)፣ ብሎት (በወረቀት መምጠጥ)፣ ቲዝ (በመርፌ መለያየት)። ዲካንት አድርግ የተባለ ተማሪ ቱቦውን ከነዝቃጩ ገልብጦ ሲደፋ አይቻለሁ፤ ጠላ ሲቀዳ አተላው እንዳይነካ ከላይ ከላይ እንደሚንቆረቆረው ነው ስለው ግን ከዚያ በኋላ አልተሳሳተም። ከየክልሉ የሚመጡ ተማሪዎች አፍ የፈቱበት ቋንቋ ስለሚለያይ የአማርኛ ፍቺ ብቻ አይበቃም፤ ስለዚህ እንዲህ ላለው ግሥ ሁሉ እጅና ዕቃውን የሚያሳይ በመስመር የተሣለ ትንሽ ሥዕል ከጎኑ ቢሆን እመርጣለሁ። በመስመር የተሣለ ያልሁት በምክንያት ነው፤ ባለቀለሙ ፎቶ በፎቶ ኮፒ ሦስት ትውልድ ከሄደ በኋላ የሽንኩርት ሕዋስና የፈሰሰ ቀለም አይለዩም።

ሥዕልን ካነሣሁ አይቀር፣ የተማሪው ሥዕል መጠን እንዲኖረው የሚጠይቅ መመሪያ አልገጠመኝም። ኦኪውላሩ፣ ዓይን የሚጠጋበት ሌንስ፣ ላይ 18 የሚል የስፋት ቁጥር ካለ፣ 18ን ለኦብጀክቲቩ፣ ለናሙናው ለሚቀርበው ሌንስ፣ ማጉሊያ ማካፈል ብቻ ነው፤ በ40ው ሲታይ የሚታየው ክብ ስፋቱ 0.45 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ይህን ያወቀ ልጅ የሽንኩርቱ ሕዋስ ስንት እንደሚሆን ራሱ ይገምታል፤ አረፋዋንም ኑክሊየስ ለማለት ያመነታል።

በደኅንነት በኩል ሁለት ነገር ብቻ እጠቅሳለሁ፤ ሁለቱም ሰው ሊጎዱ ስለሚችሉ ነው። ጣት ወግቶ የደም ዓይነት መለየት በብዙ መመሪያ ውስጥ አለ፤ ላንሴት፣ ጣት የሚወጋበት መርፌ፣ ለአንድ ሰው አንድ ጊዜ ብቻ እንደሆነ፣ ያገለገለው ወዲያው ወደ ሴፍቲ ቦክስ፣ ወደ ሹል ነገር መጣያው፣ እንደሚገባ፣ የፈሰሰ ደም በበረኪና እንደሚጠረግ የሚናገር መስመር ግን ባየኋቸው ላይ የለም። ኤች አይ ቪና የጉበት ቫይረስ ባለበት አገር ይህ መስመር የማይጻፍ ከሆነ ሙከራው ራሱ ይሰረዝ። ሁለተኛው ቅጠልን በአልኮል ቀቅሎ አረንጓዴውን ማውጣት ነው። አልኮል በባሕር ወለል በ78፣ በእኛ ከፍታ በ70 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፤ ትነቱ ከአየር ስለሚከብድ በጠረጴዛው ላይ እየተሳበ እሳቱ ጋ ይደርሳል። «አልኮሉን አሙቅ» ብሎ ማለፍ አይበቃም፤ ውሃው አስቀድሞ ይፍላ፣ እሳቱ ይጥፋ፣ ከዚያ የአልኮሉ ቱቦ በሙቁ ውሃ ውስጥ ይግባ። (አንድ ተማሪ ዳግም አረቄ አይሆንም ወይ ብሎኝ ነበር። ውሃ ይበዛበታል ብዬ መለስሁለት፤ ክፍሉ ግን ያን ቀን ሳቅ አላቆመም።)

በመጀመሪያ ዓመት ተማሪ እጅ ሁሉም ሙከራ መልሱ ያልታወቀ ይሁን አልልም፤ ማይክሮስኮፕ መያዝን የሚማር ልጅ ምን ማየት እንዳለበት ሊነገረው ይገባል። በተለይ በ2012 ዓ.ም. የመጀመሪያ ዓመት የጋራ ትምህርት ወደ ዩኒቨርሲቲዎች ከተመለሰ ወዲህ የሚመጡትን ሳይ፣ በሁለተኛ ደረጃ ማይክሮስኮፕ ያልነኩ ብዙዎች ናቸው፤ በየትምህርት ቤቱ ቤተ ሙከራው መጋዘን ሆኖ ቁልፉ የት እንዳለ የማይታወቅበት አለና። ሆኖም በዓመቱ ውስጥ ሁለት ወይም ሦስት ሙከራ መልሱ ያልተጻፈ ቢሆን ይበቃል። ለዚህ እንዶድ ይሻለኛል። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ወደ ታች ባለው ውሃ ቀንድ አውጣዎች ሞተው ማየታቸው፣ የቢልሃርዝያን ተሸካሚ ቀንድ አውጣ በእንዶድ ወደ መከላከል ጥናት አደረሳቸው። ያ ምልከታ በማንም መመሪያ ላይ አልታዘዘም ነበር። ተማሪ የተፈጨ እንዶድ፣ ከወንዝ የተለቀሙ ቀንድ አውጣዎችና የመለኪያ ሲሊንደር ተሰጥቶት «ስንት ግራም በሊትር?» ቢባል፣ መነጻጸሪያ ዕቃ ንጹሕ ውሃ ብቻ እንዲይዝ ለምን እንደሚያስፈልግ ራሱ ይደርስበታል፤ የሲኒየሩም ሪፖርት አይረዳውም፤ የእሱ እንዶድ ሌላ፣ የእሱ ቀንድ አውጣ ሌላ ነው።

እንዲደረግ የምጠይቀው ብዙ ገንዘብ አይፈልግም። ተማሪ ከመግባቱ በፊት ባሉት ሁለት ሳምንታት መምህሩና የቤተ ሙከራ ረዳቱ እያንዳንዱን ሙከራ ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው፣ መመሪያውን ብቻ እያነበቡ ይሥሩት። ከዚያ ያንን ትምህርት ያልወሰዱ ሁለት ተማሪዎች ይጠሩና ይሥሩት፤ ረዳቱ አፉን ዘግቶ ይመልከታቸው፤ የቆሙበትን ዓረፍተ ነገር ሁሉ ያስምርበት። አፍ መዝጋቱ ከባድ ነው፣ ከልምዴ አውቀዋለሁ፤ ግን መመሪያው የሚመዘነው ሰው ከጎኑ ሳይናገር ነው። በየሙከራው ራስጌ የተሞከረበት ቀን፣ የከተማው ከፍታ፣ የክፍሉ ሙቀትና የፈጀው ደቂቃ ይጻፍ። የባቄላው ሥር በየትኛው ወር እንደሚገኝ የሚያሳይ የወራት ሰንጠረዥም ይኑረው፤ የእኛ ትምህርት የሚጀመርበት ቀን ከዓመት ዓመት ስለሚዋዥቅ፣ መስከረም ሊሠራ የታሰበው በታኅሣሥ ተራው ሲደርስ ማሳው ታጭዶ ይጠብቀናል።

ሚኒስቴሩ አንድ ወጥ መመሪያ ለሁሉም ተቋም ማዘጋጀት ቢያስብ እንኳ፣ ዋናው አካል አንድ ሆኖ ከፍታውን፣ ሙቀቱንና ናሙናውን የሚይዙት ገጾች በየተቋሙ እንዲሞሉ ባዶ ይተዉ። ለቆላዋ ሰመራ የሚሆነው ለደጋዋ ደብረ ብርሃን አይሆንም። ገምጋሚ ኮሚቴ ሲዋቀርም ቢያንስ አንድ የቤተ ሙከራ ረዳት ይካተት፤ እስካሁን እኛን የሚጠሩን መመሪያው ታትሞ ሲያልቅ፣ የጎደለ ኬሚካል ዝርዝር እንድናወጣ ነው።

በእጄ በየዓመቱ በኅዳጉ ላይ በእርሳስ የጻፍሁበት አንድ የድሮ መመሪያ አለ። የትኛው ሙከራ ስንት ደቂቃ እንደፈጀ፣ የትኛው ቅጠል እንደሠራና እንዳልሠራ፣ የትኛው አምራች አዮዲን ቶሎ እንደደበዘዘ፣ ተማሪ የት ላይ እጁን እንዳወጣ ተጽፎበታል፤ አንዳንዱ ገጽ አሲድ ነክቶት ተበስቷል፣ የእኔም ፊደል ለማንበብ አይመችም። ይህን ሥራ የሚጀምር ትምህርት ክፍል ካለ ቅጂውን ያለ አንዳች ክፍያ አስረክባለሁ፤ ፊደሌን ለማንበብም አብሬ እቀመጣለሁ። ከ23ኛው ገጽ ቢጀመር ደስ ይለኛል፤ ያቺ ልጅ 91 ብላ የጻፈችው እዚያ ሙከራ ላይ ነው።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣

አንድ የባዮሎጂ ቤተ ሙከራ ረዳት
ደብረ ብርሃን፣ ሰሜን ሸዋ